የከተማ ሶላር ወጪን ማን ይሸፍነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ በተለያየ ሥራ ላይ ያሉ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ ከተሞች በፀሐይና በሌሎች ታዳሽ ምንጮች የራሳቸውን ኃይል ለማመንጨት ሲነሡ ገንዘቡን ከየት ያገኛሉ የሚል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

«በከተማ መጠጥ ውኃ አቅርቦት ላይ የምሠራ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ባለሙያ ነኝ። የተወሰኑ ጉድጓዶችን ፓምፖች ወደ ሶላር ለመቀየር ጥናት እያዘጋጀን ነው። ከባልደረቦቼ ገሚሶቹ ‹ረጂ ድርጅት ካልተገኘ አይሞከርም› ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በብድርም ሊያዋጣ ይችላል ባይ ነኝ። ከየት መጀመር አለብን?» — ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ረጂም ሆነ አበዳሪ ከመፈለግ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። እርሱም የእያንዳንዱን ጉድጓድ የኤሌክትሪክ ደረሰኝና የናፍጣ ወጪ ለየብቻ አውጥቶ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሒሳብ መሥራት ነው። የሶላር ትርፍ የሚለካው በሚተካው ኃይል ዋጋ ስለሆነ፣ ይህ ሒሳብ ሳይሠራ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» ብሎ መከራከር ጊዜ ከማባከን አያልፍም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በቀን 400 ሜትር ኩብ ውኃ ከ100 ሜትር ጥልቀት የሚወጣበት ጉድጓድ አለ እንበል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንድፈ ሐሳብ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል፤ የፓምፑና የሞተሩ ጥምር ብቃት 55 በመቶ ከሆነ ግን የቀኑ ፍጆታ ወደ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚያመነጭ፣ ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ በቀን 66 ሊትር ያህል ይፈጃል። ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው በዓመት 2.4 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ያንኑ ሥራ የሚሠራ 45 ኪሎ ዋት ያህል የሶላር ተከላ 7 ሚሊዮን ብር ቢጠይቅ ወጪውን በሦስት ዓመት ገደማ ይመልሳል ማለት ነው። ያው ጉድጓድ ከዋናው መስመር ኃይል የሚያገኝና ታሪፉም በኪሎ ዋት ሰዓት 6 ብር ቢሆን ግን የዓመቱ ክፍያ 440 ሺህ ብር አይሞላም፤ ያን ጊዜ 7 ሚሊዮኑ የሚመለሰው በ16 ዓመት ነው። የብርና የታሪፍ ዋጋዎቹን ስሌቱን ለማሳየት ያህል ወሰድናቸው እንጂ የእርስዎ ደረሰኝ የሚለው ነው የሚወስነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ መስመር ያልደረሰባቸውና በናፍጣ ብቻ የሚሠሩ ጉድጓዶች፣ ቀጥሎ መብራት ደጋግሞ የሚቋረጥባቸውና ጄኔሬተር በተጠባባቂነት የተቀመጠላቸው፣ በመጨረሻ ደኅና መስመር ያላቸው ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹም ቢሆኑ ለዘለዓለም አያዋጡም ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ስለተወሰነ፣ ዛሬ 16 ዓመት የሚለው ስሌት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በአንጻሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚገባው ፓኔልና ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለሥራ ወደሚያገለግል ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) በብር ሲታይ በእጅጉ ተወዷል። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያላስቀመጠ ጥናት አበዳሪ ፊት አይቆምም።

ከፓኔል በፊት የሚታይ ሌላም ነገር አለ። የሐረርን ምሳሌ እንውሰድ። በ1990ዎቹ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ለመሳብ ተገድዳለች። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 700 ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ይህን ያህል ለማውጣት በ55 በመቶ ብቃት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲጠይቅ፣ ብቃቱ ወደ 65 በመቶ ቢሻሻል 2.9 ይበቃል፤ የቧንቧው ሰበቃና የጉድጓዱ ጥልቀት ገና አልተጨመረም። እንዲህ ባለ ከባድ ሥርዓት ያረጀ ፓምፕ መቀየር፣ የሚያፈስ ቧንቧ መጠገንና ሞተሩን ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ ማስነሣት አንድም ፓኔል ሳይተከል ወጪውን ከአንድ ሰባተኛ በላይ ሊቀንሱ ይችላሉ። እኛ አበዳሪ ብንሆን መጀመሪያ ገንዘብ የምንሰጠው ለዚህ ነበር። ፎቶግራፍ ሲነሣ እንደ ፓኔል አያምርም፤ የሚዘገየውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሶላር ከተተከለ በኋላ ውኃ ለመሳብ የሚከፈል የነዳጅ ዋጋ ስለማይኖር ጉድጓዱን ከአቅሙ በላይ የመጠቀም ፈተና ይመጣል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ስለሆነ የውኃውን ወለል ከፍታ የሚለካ መሣሪያና የቆጣሪ ንባብ ከመጀመሪያው የፕሮጀክቱ በጀት አካል ሊሆኑ ይገባል። ፓምፑ የሚሠራው በቀን ብቻ በመሆኑም ባትሪ ከመግዛት ይልቅ የውኃ ማጠራቀሚያውን ማስፋት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለእናንተ ተቋም ዓይነተኛው በር በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የውኃ ልማት ፈንድ ነው። ፈንዱ ለከተሞች የውኃ አገልግሎት ብድር የሚሰጥ፣ ብድሩም ከውኃ ሽያጭ እንዲመለስ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ የተሠራው ሒሳባችሁ እዚያ ዋጋ አለው። በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለታዳሽ ኃይል ሲለቀቅ የኖረው የዓለም ባንክ ብድር ግን የታሰበው ለግል ድርጅቶችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ነው፤ ከተማ ራሱ ተበዳሪ ሆኖ ቢሄድ በር አይከፈትለትም፤ ዕቃውን የሚያቀርብለት አስመጪ ግን ሊጠቀምበት ይችላል። 117 ከተሞችን ያቀፈው፣ በተለምዶ ዩአይአይዲፒ እየተባለ የሚጠራው የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ዓይነት አሠራር ደግሞ ለከተሞች ገንዘብ የሚሰጠው በአፈጻጸም ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ከተማውም የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ዕቅዳችሁ በከተማው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት። ከአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የሚመጣ ገንዘብ ዝግጅቱ ዓመታት የሚወስድ ነው። ለጥቂት ጉድጓዶች ብቻ ይህን መንገድ መጀመር አይመከርም፤ ከሌሎች ቆላማ ከተሞች ጋር ተጣምሮ የቀረበ ሐሳብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

የውኃ አገልግሎት ከሌሎች የከተማ መሥሪያ ቤቶች የሚለይበት አንድ ጥቅም አለው፤ ገቢውንም ወጪውንም ራሱ ይይዛል። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሶላር ተክሎ የመብራት ወጪውን ቢቀንስ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ በዚያው ልክ ሊቀነስበት ይችላል፤ ያጠራቀመው ብር በእጁ ስለማይቀር ብድር የመክፈል አቅም አያገኝም። እናንተ ያተረፋችሁት ግን ከእናንተው ዘንድ ይቆያል። ባልደረቦችዎን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ ያለ አይመስለንም።

«የከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። አንድ የግል ድርጅት በሕዝብ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ በራሱ ወጪ ሶላር ተክሎ ለ20 ዓመት ኃይሉን ሊሸጥልን እንደሚፈልግ አቅርቧል። ከተማው አንድ ብር አያወጣም ተብሏል። ውሉን ከማጽደቃችን በፊት ምን እንይ?» — ከድሬዳዋ

መልስ፦ «አንድ ብር አያወጣም» የሚለው አባባል የሚሠራው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከተማው ለ20 ዓመት በየወሩ ያወጣል። ይህም ማለት ሐሳቡ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ካፒታል የሌለው ከተማ የሌላውን ካፒታል መጠቀሙ ተገቢ ነው። በቅድሚያ ግን ድርጅቱ ኤሌክትሪክ ነው የሚሸጠው ወይስ ዕቃ ነው የሚያከራየው የሚለው ይለይ። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለሌላ መሸጥ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ፈቃዱ በውሉ አባሪ ሆኖ ሊቀርብ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ጉዳይ የምንዛሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ክልል ጋድ ሊገነቡ የታሰቡ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት የሶላር ጣቢያዎችን አክዋ ፓወር የተባለው የሳዑዲ ኩባንያ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አሸንፎ ነበር። በጊዜው ከአፍሪካ ዝቅተኛ ከተባሉት ዋጋዎች አንዱ ነበር፤ ጣቢያዎቹ ግን አልተሠሩም። እንዲህ ባሉ ፕሮጀክቶች ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ገቢው በብር ሆኖ ብድሩ በዶላር ሲከፈል የምንዛሪውን ለውጥ ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ለመላው አገር የከበደ ሸክም ለአንድ ከተማ ሊቀል አይችልም። ስለዚህ ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆኑንና «እንደ ምንዛሪው ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አለመኖሩን፣ ቢኖርም ጣሪያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላው አንቀጽ የግዴታ ግዥ ነው። ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋል፤ ቢሮ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። ከተማው ተጠቀመም አልተጠቀመም የተመረተውን ሁሉ ይከፍላል የሚል ውል ባዶ ክፍል ለማብራት የሚከፈል ገንዘብ ይሆናል። ከ20 ዓመት በኋላ ዕቃው የማን ይሆናል፣ ጣሪያው ቢያፈስ ማን ይጠግናል፣ ኢንቨርተሩ በመካከሉ ሲሞት (በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ መቀየሩ አይቀርም) ወጪው የማን ነው የሚሉትም በግልጽ ይጻፉ። ድርጅቱ በጨረታ ያልመጣ ከሆነ ደግሞ ሐሳቡን ተቀብሎ ለውድድር ማውጣት ይሻላል፤ የቀረበው ዋጋ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከሌላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነው።

«የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ድሬዳዋ እንደ ውጭ ከተሞች አረንጓዴ ቦንድ ሸጣ የኃይል ፕሮጀክቶቿን መሥራት አትችልም? እኛ ነጋዴዎች እንገዛ ነበር።» — ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አረንጓዴ ቦንድ ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚውል ገንዘብ ከገዢዎች በወለድ የሚበደሩበት ሰነድ ነው፤ ሐሳቡ በአፍሪካ ተሞክሯል። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 የ1.46 ቢሊዮን ራንድ አረንጓዴ ቦንድ በከተማዋ የአክሲዮን ገበያ ሸጣለች፤ ከፕሮጀክቶቹ መካከል የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎችና ከቆሻሻ የሚገኝ ጋዝን ወደ ኃይል መለወጥ ይገኙበታል። ልብ ሊባል የሚገባው ጆሃንስበርግ ለነዋሪዎቿ ኤሌክትሪክ የምትሸጥ፣ ከዚያም ቋሚ ገቢ የምታገኝ ከተማ መሆኗ ነው። በእኛ አገር የመብራት ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ቦንድ ብትሸጥ ወለዱን የምትከፍለው ከግብር፣ ከመሬት ሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዳካር ናት። ከተማዋ በዓለም አቀፍ ድጋፍ ለዓመታት ተዘጋጅታ፣ ሒሳቧን አስመርምራና የብድር ብቃት ደረጃ አግኝታ የ20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ቦንድ ለመሸጥ ተቃርባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የሴኔጋል ማዕከላዊ መንግሥት አስቆመው። በኢትዮጵያም የውጭ ብድር የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሲሆን የአገር ውስጡም በፌዴራል ፋይናንስ ሕግ ሥር ነው፤ ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች አስተዳደር በመሆኗ ደግሞ ንግግሩ በቀጥታ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ይሆናል፤ በመካከል ክልል የለም። ይህ ከብዙ የክልል ከተሞች ይልቅ መንገዱን ያሳጥርላታል ብለን እናስባለን። የሚያጥረው ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት በውጭ ኦዲተር የተመረመረና ለሕዝብ የታተመ ሒሳብ ሲኖር ነው። እርስዎም እንደ ነጋዴ ሒሳቡን ያላዩትን ሰው ወረቀት እንደማይገዙ እናምናለን።

«በትምህርት ቤታችን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ሐረር ሶላር ብትተክል የካርቦን ሽያጭ ገንዘብ እንደምታገኝ ተነግሮናል። እውነት ነው?» — መምህርት፣ ከሐረር

መልስ፦ በመርሕ ደረጃ እውነት ነው፤ በሐረር ሁኔታ ግን ገንዘቡ ከሚጠበቀው እጅግ ያንሳል። የካርቦን ገዢ የሚከፍለው ለተቀነሰው የካርቦን ልቀት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ የህዳሴ ግድብም ስለተጨመረበት፣ ከዋናው መስመር የሚወሰድን ኃይል በሶላር መተካት ልቀትን ከሞላ ጎደል አይቀንስም። በዚህ ረገድ ንጹሕ አገር መሆናችን ለካርቦን ሽያጭ ጎጂ ነው ማለት ይቻላል።

ናፍጣ ሲተካ ሒሳቡ ይለያል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በቀን 100 ሊትር የሚፈጅ ጄኔሬተር ቢቀር በዓመት 98 ቶን ገደማ ይቀነሳል። ቶኑ በ10 ዶላር ቢሸጥ 980 ዶላር ይገኛል፤ ገለልተኛ አረጋጋጭ መጥቶ ለሚያደርገው ምርመራ የሚከፈለው ብቻ ከዚህ ይበልጣል። በካርቦን ገንዘብ ያገኙ የኢትዮጵያ ፕሮጀክቶች በመጠን ሰፊ የሆኑ ናቸው፤ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ደን መልሶ ማልማት ለምሳሌ 2,700 ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ክፍያውም የመጣው ውጤቱ ከተለካ በኋላ ነው። ለተከላ የሚሆን ገንዘብ ከዚህ መጠበቅ ስለዚህ አይቻልም። በሐረርና በዙሪያዋ ካርቦን ሊሸጥ የሚችል ነገር ካለ እንጨትና ከሰል የሚቆጥቡ ምድጃዎች ናቸው፤ እነርሱም በብዙ ሺህ ቤተሰብ ሲታቀፉ።

«አዲስ አበባ በረጲ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ጣቢያ አላት። ሐረር ለምን አይኖራትም? የጫቱ ገራባ (ተርፎ የሚጣለው) ብቻ እንኳ ስንት ነው!» — ከሸዋ በር አካባቢ፣ ሐረር

መልስ፦ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ጣቢያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ፣ በየቀኑ ከ1,000 ቶን በላይ ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ሐረር ያን ያህል ቆሻሻ የላትም፤ ያላትም አብዛኛው እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ሲቃጠል የሚያመነጨውን ሙቀት ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል። ገራባ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሌላ ቆሻሻ ተለይቶ በጫት ተራ ስለሚከማች መሰብሰቡ ቀላል ነው፤ ፍየሎች የሚተዉት እንጨቱ ከሰል ለመጭመቅ፣ ቅጠሉ ከከብት እበት ጋር ተቀላቅሎ ለባዮጋዝ ሊውል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ የወጣቶች ማኅበር በመጠነኛ ብድር ይጀምረዋል፤ ከከተማው የሚጠበቀው ቦታና የመሰብሰብ ፈቃድ ነው።

«በሰፈራችን በእርዳታ የተተከሉ የሶላር መንገድ መብራቶች ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ጠፉ። ፓኔሉ ነው የተበላሸው?» — ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ፓኔሉ በአብዛኛው ደኅና ነው፤ የሞተው ባትሪው ሊሆን ይችላል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይገመታል፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀን ምን ያህል እንደሚሞቅ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ባትሪው ደግሞ ፀሐይ በሚመታው የብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ቀበሌዎ ለሚቀጥለው ተከላ ሲጠየቅ ሙቀት የሚችል የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፣ ጥላ ያለው ሣጥንና የአምስት ዓመት ዋስትና በጨረታው ሰነድ እንዲጻፍ ይጠይቁ። በዓመታዊ በጀቱም ለባትሪ መቀየሪያ የሚሆን መስመር ይከፈት፤ እርዳታ ሰጪው ለመትከል እንጂ ለመቀየር ተመልሶ አይመጣም። አሁን ያሉትን ምሰሶዎች በተመለከተ፣ አካባቢው መስመር ያለው ከሆነ ባትሪውን ከመግዛት ይልቅ በዚያው ምሰሶ ላይ ኤልኢዲ አምፖል አድርጎ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ርካሽ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ዋጋ ተጠይቆ ይወሰን።